ከማን ጋር ተጫወታችሁ?

የአንድ ትንሽ የእግር ኳስ ክለብ ታሪክ ይጻፍ ቢባል የሚጻፈው ምኑ ነው? ትልቅ ክለብ ሲሆን ጥያቄው አያስቸግርም። ዋንጫው ይቆጠራል፣ ጎል ያገባው ይወደሳል፣ ፕሬዚዳንቱ ይመሰገናል፣ ፎቶግራፉ ከግድግዳ ይሰቀላል። ዋንጫ አንስቶ የማያውቅ፣ በየትኛውም ሊግ ያልተመዘገበ፣ ማሊያውን በመዋጮ የገዛ፣ መስኩም እህል ከታጨደ በኋላ ብቻ ሜዳ የሚሆንለት ቡድን ሲመጣ ግን ብዕር ይቆማል። ብዕሩን ያቆመው የወሬ እጥረት አይመስለኝም፤ እንዲያውም ወሬው ይተርፋል። የትልቁ ክለብ ዋንጫ እስከ ዛሬ ከዓይናችን ጋርዶት የኖረ ሌላ ጥያቄ ስላለ ነው፦ ክለብ ራሱ ምንድን ነው? ዋንጫውን አንሥተን፣ ገንዘቡን አንሥተን፣ ስታዲየሙን አንሥተን የሚቀር ነገር ካለ፣ እርሱ የሚታየው ከመጀመሪያው ምንም ያልነበረው ቡድን ላይ ነው።

በቅድሚያ ትንሽነቱን እንመርምር። ትንሽ ስንል የልጆቹ ችሎታ አነሰ ማለታችን ሊሆን አይችልም፤ በደቡብ ጎንደር ከጉና ተራራ ግርጌ ከብት ሲያግድ፣ ዳገት ሲሮጥ ያደገ የፋርጣ ልጅ ትንፋሹ ከማን ያንሳል? የተመልካች ማነስም አይደለም፤ ሁለት ቀበሌዎች በበዓል ሰሞን ሲገጥሙ ሜዳውን የሚከበውን ሰው ስንት የታወቀ ክለብ በቀናበት። እኔ እንደሚመስለኝ ትንሽነት ከወረቀት የመራቅ መጠን ነው። በ1990 ዓ.ም. የተጀመረው ፕሪሚየር ሊግ ከላይ አለ፤ ከሥሩ ከፍተኛ ሊግ፣ ከእርሱ ሥር አንደኛ ሊግ፣ ከዚያ ደግሞ ወደ አንደኛ ሊግ ለመግባት የሚፋለሙበት የክልል ክለቦች ሻምፒዮና። ደረጃውን በወረድን ቁጥር ወረቀቱ እየሳሳ ይሄዳል። ላይ ያለው ቢጫ ካርዱ ሳይቀር ይመዘገብለታል፤ ዝቅ ሲል ውጤቱ ብቻ፤ ዝቅ ሲል ያለፈው ቡድን ስም ብቻ። ከሁሉ በታች፣ ከሰፈርና ከገጠር ቀበሌ ኳስ ስንደርስ፣ ዳኛው የመጨረሻውን ፊሽካ ከነፋበት ደቂቃ ጀምሮ ያለው ምስክር የሰው አፍ ነው። ማንም ያልመዘገበው ነገር ታሪክ አለው ወይ?

አለው ለማለት በዓመታት መካከል ሳይጠፋ የዘለቀ አንድ ነገር ማሳየት ይጠበቅብናል፤ ታሪክ ምንጊዜም የአንድ ነገር ታሪክ ነውና። ያ ነገር ተጫዋቾቹ ናቸው እንዳንል፣ በዐሥር ዓመት ውስጥ አንድም አይቀር፤ አንዱ ትዳር ይይዛል፣ አንዱ ሥራ ፍለጋ ይሰደዳል፣ አንዱን ጉልበቱ ይከዳዋል። ሜዳው ነው እንዳንል፣ ፎገራን የሚያውቅ ሰው ይስቅብናል፤ ክረምት በገባ ቁጥር ርብና ጉማራ ሞልተው የሚተኙበት፣ ሩዝ የሚበቅልበት ምድር ነው፤ የጎሉ ቋሚ የተተከለበትን ቦታ በመስከረም ማን ያገኘዋል? ስሙ ነው እንዳንል ደግሞ ከሁሉ የታወቀው ክለባችን ይቃወመናል። ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1928 ዓ.ም. አራዳ ላይ በአየለ አትናሽና በጆርጅ ዱካስ ሲቋቋም እርሱም ያው የሰፈር ልጆች ቡድን ነበር። በጣሊያን ወረራ ዘመን ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር እንዲባል ተገደደ፤ በደርግ ጊዜ አዲስ አበባ ቢራ ሆነ፤ ኋላ ወደ ስሙ ተመለሰ። ስሙ በተነጠቀበት ዘመን ክለቡ አልነበረም የሚል ደጋፊ እስካሁን አልገጠመኝም። መቻልም እንዲሁ መከላከያ ሲባል ኖሮ በ2014 ዓ.ም. የቀድሞ ስሙን መልሶ ወሰደ። ስሞቹ ተፈራርቀዋል፤ ከስሞቹ ሥር የቆየ ነገር አለ፤ ያን ነገር ግን በእጃችን ጨብጠን አናሳየውም።

ገንዘብ ቢሆንስ? እዚህ ላይ ጎንደር ከተማ ጥሩ ትምህርት ትሰጠናለች። ዳሽን ቢራ የሚባል ክለብ ነበራት፤ ከኋላው የቢራ ፋብሪካ የቆመ፣ በፕሪሚየር ሊግ የሚጫወት። ፋሲል ከነማ የሚባል ክለብም ነበራት፤ በ1960 ዓ.ም. የተመሠረተ፣ ከፋብሪካው ክለብ ዝቅ ባለ ሊግ የሚታገል። በ2008 ዓ.ም. ዳሽን ቢራ ከፕሪሚየር ሊጉ ወረደ፤ በዚያው ዓመት ፋሲል ወደ ፕሪሚየር ሊጉ አለፈ። ከዚያ የሆነው ነገር ለሐሳባችን ይጠቅማል። የወረደው ክለብ ታች ወርዶ አልታገለም፤ ፈረሰ። የወጣው ክለብ በ2013 ዓ.ም. የአገሪቱ ሻምፒዮን ሆነ። ሁለቱም ያንኑ የፋሲለደስ ስታዲየም ረግጠዋል፣ ያንኑ የጎንደር አየር ስበዋል። አንዱ በአንድ ውሳኔ የሚፈርስ፣ ሌላው ዓመታት ዝቅ ብሎ የማይፈርስ የሆነበት ምክንያት ምንድን ነው? መፍረስ የሚችል ነገር በእርግጥ ክለብ ነበር ወይስ የድርጅት አንድ ክፍል? መፍረስ የማይችል ነገርስ፣ ማንም ሊዘጋው ካልቻለ፣ የማን ነው?

ለዚህ ሁሉም የሚያውቀው መልስ አለ፤ ደጋፊ ነው ይባላል። ዳሽን የፋብሪካው፣ ፋሲል የሕዝቡ ስለነበረ ነው፤ አለቀ። መልሱ ውሸት አይደለም፤ ቢሆንም ብዙ አያራምደኝም። ደጋፊ ማለት ክለቡን የሚደግፍ ነው፤ ክለቡ ማለት ደጋፊው የሚደግፈው ነው ካልን፣ ሁለት ሰካራሞች ተደጋግፈው ቆመዋል ከማለት በቀር ምን አልን? ደግሞም ወደ ጥያቄያችን ወደ ትንሹ ቡድን ስንመለስ ደጋፊ የሚባለው ሰው ራሱ ይጠፋል። በቀበሌ ሜዳ ዙሪያ የቆሙት የተጫዋቹ እናት፣ ታናሽ ወንድሙ፣ አበዳሪው፣ ከብቱን እዚያው የሚያግደው እረኛ ናቸው። ቡድኑን ከልጆቹ ለይተው የሚወዱት አይደሉም፤ የሚያዩት ልጆቻቸውን ነው። ታዲያ ይህ ቡድን ከአሥራ አንድ ልጆች ስብስብ ከፍ ብሎ ቡድን የሚሆነው መቼ ነው?

ከሩቅ አገር አንድ ምሳሌ ልጥራ። በእንግሊዝ አገር፣ በብረትና በቢላዋ ሥራዋ በታወቀችው በሼፊልድ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ1857 የተቋቋመ ክለብ አለ፤ በዓለም ካሉት የእግር ኳስ ክለቦች ሁሉ አንጋፋ ነው። ጊዜው በእኛ አገር ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን መቀመጫ ያደረጉበት ዘመን ነው፤ ጋፋት ላይ ፈረንጆቹን መድፍ አፍስሱ ብለው የያዙት ጥቂት ቆይቶ ነው። ሼፊልድ አንጋፋ ይሁን እንጂ ትልቅ አይደለም፤ ዛሬም ድረስ ከባለሙያዎቹ ሊጎች በታች፣ በትንንሾቹ መካከል ይጫወታል። ፊፋ መቶኛ ዓመቱን ሲያከብር እ.ኤ.አ. በ2004 ልዩ የክብር ሽልማት ከሰጣቸው ሁለት ክለቦች አንዱ ሪያል ማድሪድ ሲሆን ሁለተኛው ይኸው ትንሽ ክለብ ነበር። እኔን የያዘኝ ግን ሽልማቱ አይደለም፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታቱ ናቸው። ሼፊልድ ሲቋቋም በአካባቢው ሌላ ክለብ አልነበረም። ደንብ ነበረው፣ አባላት ነበሩት፣ መዋጮ ነበረው፤ የሚገጥመው አልነበረውም። ስለዚህ አባላቱ እርስ በርሳቸው ይከፋፈሉ ነበር፤ ያገቡት ካላገቡት ጋር ይጫወቱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1860 በእነርሱ የገና ማግስት ከጎረቤት ሰፈር ሃላም የሚባል ክለብ ተነሥቶ ገጠማቸው፤ በክለብና በክለብ መካከል የተደረገ የመጀመሪያው ጨዋታ ይኸው ነው ይባላል። ሼፊልድ 2 ለ 0 አሸነፈ።

እንግዲህ በእነዚያ ሦስት ዓመታት ሼፊልድ ክለብ ነበር? በወረቀቱ ከሆነ አዎን። እኔ ግን እጠራጠራለሁ። ያገቡት ካላገቡት ሲጫወቱ ያሸነፈው ማን ነው? ሼፊልድ። የተሸነፈውስ? ሼፊልድ። ራሱን አሸንፎ ራሱ የሚሸነፍ ነገር ገና ከሌላው አልተለየም፤ ድንበር የለውም። «እኛ» የሚለው ቃል ከአፋቸው የወጣው በመጀመሪያው ቀን ሊሆን ይችላል፤ ትርጉም ያገኘው ግን ሃላም «እናንተ» ሲላቸው ነው። ክለቡን የመሠረቱት አባላቱ ቢሆኑም ያጸደቀው ተጋጣሚው ነው። በዚህ መንገድ ካሰብን ከላይ ያቃተን ነገር ሁሉ መላ ያገኛል። ተጫዋቹ ይለወጥ፣ ስሙ ይለወጥ፣ ሜዳውን ውሃ ይብላው፤ ተጋጣሚው መጥቶ «ባለፈው ያሸነፋችሁን እናንተ ናችሁ» ካለ ቡድኑ ያው ቡድን ነው። ትናንትን ከዛሬ የሚያያይዘው ክር የሚፈተለው በሌላ ሰው ቤት ነው።

ይህን ለመረዳት እንግሊዝ አገር መሄድም አያስፈልግም ነበር። በጎንደር ደጋ ገና ሲደርስ ላይኛው መንደር ከታችኛው መንደር ይሰለፋል፤ ጫፉ የቆለመመ ዱላ ይያዛል፣ እሩር የምትባለው ኳስ ትለጋለች፣ በዚያ ቀን ጌታና ሎሌ የለም፣ ለተመታ ሰውም መቀየም ነውር ነው። እነዚህ ቡድኖች መሥራች የላቸውም፣ ሊቀ መንበር የላቸውም፣ ማኅተም የላቸውም፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ይበተናሉ፤ ዓመቱን ሙሉ የትም የሉም። ሆኖም በሚቀጥለው ገና ማንም ሳይጠራቸው ይኸው ይመጣሉ፤ አያቶቻቸው የተሸነፉትን የልጅ ልጆች ሊመልሱ። ላይኛው መንደር ባይኖር ታችኛው መንደር ታችኛው አይባልም። ስለ አመሠራረታቸው ማስረጃ አምጡ ቢባሉ የሚያመጡት አንዳቸው ሌላቸውን ብቻ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ተቃውሞ ይመጣል፤ ሳልመልሰው ማለፍ አይገባኝም። ማንነታችን ከተጋጣሚያችን የሚመነጭ ከሆነ የክለብ መሠረቱ ጠብ ነው ማለት አይደለም ወይ? የቅርብ ዘመናችን ደግሞ ለዚህ ምስክር አያጣም። በ2010 ዓ.ም. ወልዲያ ላይ የወልዲያና የመቐለ ክለቦች ጨዋታ በደጋፊዎች ግጭት ሳይካሄድ ቀርቷል፤ ከዚያም በኋላ የአማራና የትግራይ ክለቦች በገለልተኛ ሜዳ እንዲገናኙ የተደረገበት ጊዜ ነበር። ነገር ግን በዚያ ቀን ወልዲያ ላይ የጎደለውን በጥንቃቄ እንመልከት። ጨዋታው ነው የጎደለው። ጠላትና ተጋጣሚ ከሩቅ ሲታዩ ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱም መሸነፋችንን ይፈልጋሉ። ልዩነታቸው ከጨዋታው ማግስት ነው የሚታየው። ጠላት ዳግመኛ እንዳንመጣ ይፈልጋል፤ ተጋጣሚ ሳንመጣ ስንቀር ይከፋዋል። ጠላት ስለ በዛ ክለብ አይጸናም፤ ጠላት የበዛበት ክለብ የሚገጥመው አጥቶ ያልቃል።

የፎርፌን ነገር ያሰበ ሰው ይህ ይገባዋል። ተጋጣሚው ሳይመጣ ቀረ፤ ዳኛው ሰዓቱን አየ፤ ልጆቹ ማሊያቸውን እንደ ለበሱ ጥቂት ቆሙ፤ 3 ለ 0 ተብሎ ተመዘገበ። ሦስቱን ጎል ማን አገባ? ማንም። በወረቀቱ ላይ ግን ከእውነተኛ ሦስት ጎል አይለይም፤ ነጥቡም ሙሉ ነው፤ ከየትኛውም ላብ የፈሰሰበት ድል ጋር እኩል ይደመራል። የወረቀት ታሪክ እንዲህ ያለ ባዶ ነገር መሸከም ይችላል። የሰው አፍ ግን አይሸከመውም፤ በፎርፌ ያሸነፈውን ጨዋታ ለልጁ የሚተርክ አባት አላየሁም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልላችን ባለው ግጭት መንገድ ሲዘጋና ሲከፈት፣ ከወረዳ ወደ ወረዳ የሚደረግ የወዳጅነት ጨዋታ ዓይነተኛ ዋጋው ምን እንደ ነበር ሰው አሁን ሳይገባው አይቀርም። የሞተ ሰው በሚቆጠርበት ጊዜ ስለ ኳስ ማውራት ነውር ይመስላል፤ ነውርም ሊሆን ይችላል። ግን ሁለት ሰፈሮች እየተጠባበቁ አለመገናኘታቸው፣ የመገናኘት ልማዱም በመካከሉ መረሳቱ፣ በምንም ዓይነት የጉዳት መዝገብ የማይገባ ጉዳት ነው።

አሁን ወደ ወረቀቱ ልመለስ፤ አንድ የሚያሥቅም የሚያሳዝንም ነገር አለበት። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የክለቦች ሻምፒዮና በ1936 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሲካሄድ አምስት ቡድኖች ነበሩ፤ የኢትዮጵያውያኑ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ፣ የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶ፣ በመጨረሻም የእንግሊዝ ወታደራዊ ተልዕኮ ቡድን። ያሸነፈው የመጨረሻው ነው። የአገራችን የሻምፒዮኖች ዝርዝር በተጻፈ ቁጥር በመጀመሪያው መስመር ላይ እርሱ ይቀመጣል። ተልዕኮው ግን ሥራውን ጨርሶ ሄደ፤ ቡድኑም አብሮት ሄደ። ዛሬ ያንን ድል «ድላችን» የሚል ሰፈር የለም፣ ልጅ የለም፣ የልጅ ልጅ የለም። መዝገብ ያለው ባለቤት የሌለው ክለብ ነው። በተቃራኒው ከጋይንት እስከ ደራ ባለው አገር ባለቤት ሞልቷቸው መዝገብ የሌላቸው ቡድኖች አሉ። ከሁለቱ የበለጠ የኖረው የትኛው ነው? መዝገቡን ያመነ ወታደራዊ ተልዕኮው ይላል። እኔ እንዲህ እላለሁ፤ ያ ቡድን ዛሬ በስም የሚታወሰው የገጠመው ቅዱስ ጊዮርጊስ ስለ ኖረ ነው፤ የክለባችን ታሪክ በተተረከ ቁጥር ያንን የሞተ ተጋጣሚ መቀስቀስ ግድ ይላል። ሼፊልድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2011 የመጀመሪያውን በእጅ የተጻፈ የደንብ መዝገቡን ከሌሎች ጥንታዊ ሰነዶቹ ጋር በጨረታ ከ880 ሺህ ፓውንድ በላይ ሸጦታል፤ የልደት ወረቀቱን ሸጦ እየኖረ ነው። ሃላምም አጠገቡ አለለት።

በደራ ወረዳ፣ ከጉማራ ወንዝ ዳር ያለው የዋንዛዬ ፍል ውሃ ለእንዲህ ያለ ምርመራ ከቤተ መዛግብት ይሻላል ብል አላጋነንሁም። ወገቡን ያመመው፣ ጉልበቱን የያዘው ሰው ከፋርጣ፣ ከፎገራ፣ ከእስቴ ይመጣል፤ ሲታጠብ፣ ሲሞቅ ይውላል፤ ሥራ ስለሌለው ያወራል። የታመመ ጉልበት ደግሞ የኳስ ወሬ አያጣም። «አያ፣ ጉልበትዎን ምን አገኘው?» ብሎ የሚጠይቅ ወጣት አይጠፋም። «አንተ የየት አገር ልጅ ነህ?» ይሉታል፤ ይነግራቸዋል። «አሃ፣ የእናንተ ልጆችማ! አንድ ግራኝ ነበራችሁ፤ ጉልበቴን የሰበረው እሱ ነው።» ጨዋታን ጨዋታ ያነሣዋልና ወጣቱ ከመወለዱ በፊት የነበረውን የገዛ ሰፈሩን ቡድን፣ ማን ይከላከል እንደነበረ፣ ማን በረኛ እንደነበረ፣ ማሊያው ምን ዓይነት ቀለም እንደነበረው ከማያውቀው ሰው ይሰማል። አገሩ ሲመለስ አባቱን ቢጠይቅ ሌላ ነገር ነው የሚነገረው። አባት ያሸነፉትን ይናገራል፤ የተሸነፈ ሰው ግን ያሸነፈውን ቡድን አንድ በአንድ ያስታውሳል። መሸነፍ ዓይን ይከፍታል መሰለኝ።

ሽማግሌው ሊሳሳቱ አይችሉም ወይ? ይችላሉ እንጂ። አንዱ ሰፈር 3 ለ 2 ነው ያለቀው ይላል፤ ሌላው 2 ለ 2 ነበር፣ ሦስተኛው ጎል ከጨዋታ ውጪ ነው፣ ዳኛውም የእናንተ አጎት ነበር ይላል። የታሪክ ጸሐፊ እዚህ ላይ ተስፋ ይቆርጣል። መቁረጥ ያለበት አይመስለኝም። ሁለቱ ወገኖች በውጤቱ፣ በዳኛው፣ በቀኑ እንኳ ላይስማሙ ይችላሉ፤ በአንድ ነገር ላይ ግን ሳያውቁት ይስማማሉ፤ ተገናኝተን ተጫውተናል በሚለው ላይ። ክርክሩ ራሱ የሚቆመው በዚያ ስምምነት ላይ ነው። ክርክሩ ያልበረደ እንደ ሆነም ሁለቱም ቡድኖች፣ አንድም ልጅ ኳስ ባይነካ፣ አልፈረሱም።

የደብረ ታቦርን የአንድ ሰፈር ቡድን ታሪክ ልጻፍ የሚል ሰው ቢመጣ እንግዲህ ወደ ወረታ፣ ወደ አዲስ ዘመን ወይም ወደ ነፋስ መውጫ ነው የምልከው። አይቀናውም። ወረታ የሚያገኘው የድሮ በረኛ ስለ ደብረ ታቦር ልጆች ሁለት ነገር ተናግሮ ወደ ራሱ ቡድን ወሬ መግባቱ አይቀርም፤ ያን ደግሞ ለማጣራት ተመልሶ ደብረ ታቦር መውጣት ሊኖርበት ነው። መንገዱ ሽቅብ ነው፤ ስንቅ ይያዝ።